የታችኛው ሰፈር ዓሣ

ሐይቁ የታችኛውን ሰፈር ከነቤቱ ከዋጠው ወዲህ፣ የሐዋሳ ጠላቂ ዓሣ አዳኞች ሁሉ የየራሳቸው ተወዳጅ ቦታ አላቸው። አንዱ የድሮውን መናኸሪያ ያወድሳል፤ ሌላው በፀጉር ቤቱ ወንበሮች ሥር ጦሩን ይዞ ያደፍጣል። ላንቃሞ የሚወደው የጎረቤታቸውን የእማማ ብዙነሽን ሳሎን ነበር፤ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ አይጠፋበትም። የራሳቸውን ቤት ግን እናቱ እንዳይከፋቸው ብሎ ረግጦት አያውቅም።

ዛሬ ሳሎኑ ባዶ ሆነበት። አንድ ትልቅ አምባዛ ሲያልፍ አየና ተከተለው፤ አምባዛውም አጥሩን ተሻግሮ የእነ ላንቃሞ ማድ ቤት ገባ። ላንቃሞ በሩ ላይ ትንሽ አመነታና ገብቶ ወጋው።

ምሳ ሲቀርብ እናቱ ወይዘሮ ዱሬቴ እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ ጠየቁ። «ከማን ቤት ነው?»

«ከእኛ ማድ ቤት ነው፣ እማዬ። አትቆጪኝ።»

የወይዘሮ ዱሬቴ እጅ ሳህኑ ላይ ቀረ። ላንቃሞ ደንግጦ ምግቡን ሊያነሳ ሲል፣ «ተው፣ አስቀምጠው» አሉት። ቆርሰው ጎረሱ፤ ቀስ ብለውም አላመጡ።

«ያ ጣሪያ አሁንም ያፈሳል?»

ላንቃሞ ሳቁ አመለጠው። እሳቸውም ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረግ አድርገው ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አደረጉለት።

«ብላ እንጂ፤ የቤታችን ነው።»