ሊጠይቁኝ የመጡ

«የደም ሥርዎ ግድግዳ ውስጥ የገባው ኮሌስትሮል ኦክስጅን አግኝቶት እንደ ከረመ ቅቤ ተበላሽቷል» አለችኝ ዶክተሯ። «ነጭ የደም ሴሎች ይህን ሲያውቁ ሊረዱዎት ይመጣሉ። ይበሉታል፣ ያብጣሉ፣ ሌላ ይጠራሉ። መውጣት ግን ስለማይችሉ እዚያው ተከምረው መንገዱን ይዘጋሉ።»

«ጠላቶቼ ናቸዋ።»

«ኧረ የራስዎ ናቸው። ክፋት የላቸውም።»

ሃያ ሁለት ጠያቂ አልጋዬን ከቧል። ሁሉም ዶሮ ወጥ ይዞልኝ መጥቶ፣ እኔ ቅባት ስለተከለከልኩ ራሱ ይበላል። መሄድ የሚባል ነገር የለም። እህቴ ጥሩነሽ ደግሞ የቀሩትን የዕድር ሰዎች በስልክ ትጠራለች።

ድንገት ደረቴን ጨመደደኝ። ነርሷ የኦክስጅን ሲሊንደር እየገፋች ከተፍ አለች፤ በሩ ላይ ግን ማለፊያ አጣች።

«እባካችሁ አሳልፉኝ» አለች።

እህቴ እጇን ዘረጋችላት። «በሞቴ፣ መጀመሪያ ይቺን ጉረሺ።»