የዓሣ ጾም

የኩሬ ዓሣ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ቀን መጾም አለበት። ሆዱ ውስጥ ምግብ ካለ ሥጋው ቶሎ ይበላሻል። ይህን ዓሣ አርቢዋ ዩኒቨርሲቲ ተምራዋለች። ያም ሆኖ ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ የላከችው ዓሣ ሁለቴ ሸቶ ተመለሰባት።

«አንድ ሰው ተደብቆ ያበላቸዋል» አለች፣ ለእናቷ ምሳ እያቀረበች።

እናቷ ከታመመች ወዲህ የምትውለው ኩሬው ዳር፣ ወንበር ላይ ነው። ሳቀች። «አንቺ ራስሽ ጾመሽ የማታውቂ፣ ዓሣ ታስጾሚያለሽ!»

«እማዬ፣ አትቀልጂ። አሁንም ከተበላሸ ደንበኛው ሁለተኛ አይገዛኝም። ሰው ሲመጣ አላየሽም?»

«ኧረ ማንም አልመጣ፣ የኔ ልጅ።»

ደግነቱ እናቷ እያገገመች ነው። ሐኪሙ «ከበላች ትድናለች» ብሏል፤ ሳህኑም በየቀኑ ባዶውን ይመለሳል። ዛሬም ከምሳ በኋላ ባዶውን ተቀበለች።

«እጅሽ ይባረክ፣ እንዴት ይጣፍጣል!» አለቻት እናቷ።

ሳህኑን አስቀምጣ ከኩሬው አንድ ዓሣ አወጣች፤ ሆዱንም በቢላ ሰነጠቀችው።

ሩዝ ነበር። ከሩዙ ጋር፣ ለእናቷ ጉሮሮ እንዲመች አድቅቃ የከተፈችው ካሮት ወጣ።