ሰማንያኛው ቀን

ሕፃኗ ሰማንያ ቀን ሞልቷት ለጥምቀት መጥታለች፤ ክርስትና እናት ግን አልተገኘላትም። እናቷ ከደቡብ ሱዳን ተሰዳ የመጣች ናት፤ እዚህ ዘመድ የላትም። ሕፃንንና እንግዳን ስለ መውደድ ሲሰበክ አንገታቸውን እየነቀነቁ «አሜን» የሚሉት ሴቶች ዛሬ ሁሉም ምክንያት አላቸው።

ቄሱ በመጨረሻ ግቢውን ወደምትጠርገው ሴት ዞሩ።

«እኔን ተዉኝ፣ አባቴ» አለች መጥረጊያዋን ተደግፋ። «የሟች እህቴን አራት ልጆች አሳድጌ ወገቤን ያሳረፍኩት ገና አሁን ነው። ሌላ ልጅ አልችልም።»

«ማን አሳድጊ አለሽ፣ ልጄ? ታቅፈሽ ታስጠምቂያታለሽ፤ ከዚያ ለእናቷ ትመልሻለሽ። በዓመት አንዴ ብትጠይቂያት ነው።»

እየተነጫነጨች እጇን ታጠበች። ሕፃኗን ከውሃው ተቀበለች፤ ማተብ ታሰረላትና በነጠላዋ ጠቀለለቻት። ልጅቷ የሴትዮዋን ጣት ጨብጣ እንቅልፍ ወሰዳት። ሴትዮዋ እያዛጋች ደጁ ላይ ትጠብቅ ለነበረችው እናቲቱ ልታስረክብ ወጣች።

ደጁ ላይ ማንም የለም። ደረጃው ላይ በእጅ የተሰፉ ሦስት ቀሚሶች ታጥፈው ተደራርበዋል፤ የላይኛው ለአራስ ልጅ፣ መካከለኛው ለዓመት ልጅ፣ የታችኛው ትምህርት ቤት ለምትገባ ልጅ የሚሆን።