ቄጠማ የማይጎዘጎዝበት ቤት

በእኛ ሕንፃ ወለል ላይ ምንም ነገር ማንጠፍ ክልክል ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦው ሁሉ የሚያልፈው ከወለሉ ሥር በተቀበረ ቦይ ውስጥ ነው፤ የቦዩ ክዳኖች ደግሞ እርምጃችንን እያዳመጡ ይጠብቁናል። ከተሸፈኑ መስማት ስለማይችሉ መብራቱን ያጠፉታል።

እናቴ ወይዘሮ የሺመቤት ይህን ሕግ አምርራ ትጠላው ነበር። እዚህ በገባንበት ዓመት ለእንቁጣጣሽ እንደ ልማዷ ቄጠማ ጎዘጎዘች፤ ቤቱ ጨለመ፣ ዶሮ ወጡም ምድጃው ላይ ሳይበስል ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቄጠማውን የምትበትነው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ባየችው ቁጥር ግን ትነጫነጫለች።

በዚህ ክረምት ብቻዋን ሳለች ወጥ ቤት ውስጥ ወደቀች። ወለሉ አለመነሳቷን አውቆ በሩን ከፈተ፣ ጎረቤታችንን አቶ ዘለቀን ጠራ። ሐኪም ቤት በጊዜ ደርሳ ተረፈችልን።

ዛሬ እንቁጣጣሽ ነው። ምሳ በልተን ስናበቃ እማዬ ከጠረጴዛው ላይ ቄጠማ ዘገነችና በከዘራዋ እየተደገፈች ወደ ወጥ ቤት አዘገመች። የወደቀችበት ቦታ ላይ ጎዘጎዘችው። ማቀዝቀዣው ጸጥ አለ።

"እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው? አሁን እኮ ወለሉ አይሰማሽም" አልኳት።

"ቀን ከሌት እኔን ሲያዳምጥ ነው የከረመው። ትንሽ ይረፍ እንጂ፤ ለእሱም በዓል ነው።"

"ብትወድቂስ?"

ወንበር ስባ ቄጠማው አጠገብ ተቀመጠች።

"እሱ እስኪያርፍ እኔ አልነሳም" አለችኝ።