ባለ ሦስት መቀርቀሪያዋ ልብስ ሰፊ

"እህቴ፣ ክፈቺ! እሳት ነው!"

የብረት በሩ ተንቀጠቀጠ...

ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ጀርባ እንደቆመች ደርቃ ቀረች።

ቀኝ እጇ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ነው። ኪሱ ውስጥ ደግሞ ሽጉጥ አለ።

ጠራራ ፀሐይ ነው፤ የምሳ ሰዓት።

ቀስ ብላ ሄዳ በበሩ ቀዳዳ አጮለቀች... እሱ ራሱ ነው። ባለ ግራጫ ጃኬቱ።

ይሄ ሰውዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ በየቀኑ በዚህ ሰዓት፣ ከሱቋ ፊት ለፊት ያለውን ግንብ ተደግፎ ይቆማል። አይገዛ፣ አይሸጥ... በሯን ብቻ ያያል።

ዛሬ በእጁ የፌሮ ብረት ይዟል።

ነገሩ የጀመረው አጠገቧ ያለው ጫማ ቤት በቀን የተዘረፈ ጊዜ ነው።

ያን ጊዜ ታላቅ ወንድሟ እንቅልፍ አጣ። እሷ ጨርቅ ልትገዛ በወጣችበት ቀን በያጅ ጠርቶ የብረት በር አስገጠመላት። በሩ ሦስት መቀርቀሪያ አለው። መስኮቶቹ ላይ ፍርግርግ አስበየደ፤ የጓሮውን በር ደግሞ ጨርሶ አስደፈነው።

ደንበኞቿ "ልብስ ልናሰፋ ነው ወይስ እስረኛ ልንጠይቅ?" እያሉ ይቀልዱባት ጀመር።

እሷም አብራ ትስቃለች... ግን ሲሄዱ ሦስቱንም ትቀረቅራለች።

ባለ ግራጫ ጃኬቱ መቆም ሲጀምር ለወንድሟ ነገረችው። ወንድሟም ፈቃድ አስወጥቶ ሽጉጥ ገዛላት፤ ሁለት ቅዳሜ ወስዶ ተኩስ አለማመዳት። አንድ ምክርም ሰጣት።

"እህት ዓለም፣ ሌባ ብልጥ ነው። 'ታመምኩ' ይልሻል፣ 'እሳት ተነሳ' ይልሻል። ምንም ቢልሽ እንዳትከፍቺ።"

ለሽጉጡ ሽርጧ ላይ ኪስ ሰፋችለት። እንዳይቀደድ ብላ ከጂንስ ቁራጭ፣ በወፍራም ክር ደጋግማ። ገበሩን ግን ሳትዘመዝመው ቀረች። የሰው ልብስ እየቀደመባት ዛሬ ነገ ስትል...

አሁን በሩ ላይ ያለው ሰው "እሳት" እያለ ነው።

ልክ ወንድሟ እንዳለው።

"ሂድ! ዘመድ አለኝ፣ ደውያለሁ!" አለች። አልደወለችም። ስልኳ ውስጠኛው ክፍል ነው።

"እህቴ፣ ከጓሮ ጭስ እየወጣ ነው..."

ዞር ስትል በውስጠኛው ክፍል በር ስር ጭስ ሾልኮ ሲገባ አየች።

አሁንም አላመነችውም። 'ከጓሮ ለኩሶ በፊት ለፊት ሊቀበለኝ ነው' አለች በልቧ።

ከኋላ ጭስ። ከፊት ሰውዬው። መስኮቱ ላይ ፍርግርግ። የጓሮ በር የለም።

ዓይኗ ማልቀስ ጀመረ፤ ሳል ያዛት። እጇ ግን ወደ መቀርቀሪያው አልሄደም...

ሰውዬው መጮኹን አቆመ። ፌሮውን በታችኛው ማጠፊያ ስር ሰካው። ቀጥታ እዚያ! በሩ የት ጋ እንደሚላቀቅ ያውቃል።

'አጥንቶታል' አለች። 'ለዚህ ነው ሦስት ሳምንት የቆመው።'

ማጠፊያው ተነቀለ። በሩ ወደ ጎን ተንጋደደ። በክፍተቱ ግራጫው ጃኬት ገባ።

ሽጉጡን ሳበችው።

አልወጣም።

እንደገና ሳበችው... የሽጉጡ ጫፍ ባልተዘመዘመው ገበር ክር ተተብትቧል። በወፍራም ክር የሰፋችው ኪስ ደግሞ አይቀደድም።

ለሦስተኛ ጊዜ ሳትሞክር ሰውዬው ክንዷን ይዞ ጎትቶ አወጣት።

መንገዱ ዳር ተቀምጣ ስትስል፣ ጎረቤቶች ውሃ በባልዲ እየተቀባበሉ ገቡ። ለካ ጠዋት መብራት ሲጠፋ ውስጠኛው ክፍል ካውያውን ሱሪ ላይ እንዳስተኛችው ረስታው ነበር። መብራቱ ሲመለስ እሷ በፊተኛው ክፍል ስትሰፋ ነበር።

ሰውዬው መዳፉ ተልጦ ይደማል።

"እርስዎ ማነዎት?" አለችው።

"በሩን የሠራሁት በያጅ ነኝ" አላት።

የጓሮውን በር ሲደፍን ወንድሟን "አንድ መውጫ እንተውላት" ብሎ ለምኖት ነበር። ወንድሟ "አንተ የታዘዝከውን በይድ" አለው። በየደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን እህል አልዋጥልህ አለው። ስለዚህ በምሳ እረፍቱ እየመጣ ደህና መሆኗን አይቶ ይመለሳል።

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ሁለቴ አንኳኩቻለሁ፣ እህቴ። በቀዳዳው አየሽኝና የመስኮቱን መጋረጃ ሳብሽው።"



ጎረቤት ደውሎለት ወንድሟ እያለከለከ ደረሰ። መጀመሪያ የጠየቃት ስለ ሽጉጡ ነበር። ሰርቀውሽ ይሆን ብሎ።

"እዚሁ ነው፣ ወንድም ጋሼ" አለችው። "ኪሱ አልለቀው አለኝ እንጂ ይሄን ሰውዬ ገድዬው ነበር።"

ወንድሟ የበያጁን የሚደማ መዳፍ አየ። መሬት መሬት አየ።

በሳምንቱ በያጁ የጓሮውን በር መልሶ ከፈተው። ወንድሟ ራሱ ነው ብረቱን ይዞ የቆመለት።

ሽጉጡ ወደ ወንድሟ ቤት ተመለሰ። የኪሱን ገበር ግን እስከ ዛሬ አልዘመዘመችውም። አሁን ማስመሪያ ጠመኔ ትይዝበታለች።

ራስን መጠበቅ ነውር አይደለም። ሌባም አለ፣ ክፉም አለ። ግን ፍርሃት በሩን ሲሠራው መግቢያውን ብቻ ሳይሆን መውጫውንም ይደፍነዋል... ልንተኩስበት የተዘጋጀነው ሰው ምናልባት ሊያወጣን የመጣው ይሆናል።

እስቲ በእውነት መልሱልኝ...

ያን ቀን በእሷ ቦታ ብትሆኑ በሩን ትከፍቱለት ነበር?