የማትመክረው አማካሪ

የሱስ አማካሪ መሆን የሚፈልግ ሰው፣ አማካሪ እንዲያዳምጥ እንጂ እንዳይመክር የሚያዝዘው አዋጅ ከወጣ ወዲህ፣ ጉሮሮው ውስጥ የስንዴ ቅንጣት የምታህል መሣሪያ ይተከልለታል። ከዚያ በኋላ ምክር ወይም ትእዛዝ ሊናገር ሲል ድምፁ ድርግም ብሎ ይጠፋል።

ላቀው ሠላሳ ዓመት ጫት እየቃመ የነዳ ሹፌር ነው። አማካሪዋ ውዳላት ቤት የመጣውም የሚስቱን ጭቅጭቅ ሽሽት ነበር።

«ጋሽ ላቀው፣ ለመተው ያለዎት ፍላጎት ከአሥር ስንት ይሆናል?» አለችው ሳሎኗ ውስጥ አስቀምጣ።

«ሦስት» አላት፣ ቁጣዋን እየጠበቀ።

«ለምን ዜሮ አላሉም?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። ሳያስበው አፉ ተፈታ። ባለፈው ወር ምርቃናው ሲወርድ፣ መሪ እንደያዘ እንቅልፍ ጥሎት ነበር።

«የልጅ ልጄ ከኋላ ተቀምጣ ነበር።»

«እሷን ማጣት አይፈልጉም» አለች ውዳላት በለሆሳስ።

ላቀው «አሁንስ ስምንት ነው፤ ዛሬውኑ እተወዋለሁ» አለ።

በዚህ መሃል የውዳላት የሁለት ዓመት ልጅ ጥግ ላይ ምድጃ ላይ ወደሚፈላው ማንቆርቆሪያ ተንጠራራች። እናቷ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ወዲያው እጇ ላይ ያሰረችውን ትንሽ ቃጭል አቃጨለች፤ ሕፃኗም ቆም ብላ ዞረች።

ላቀው ቃጭሉን ጌጥ መስሎት ነበር። ለካስ ይህች ሴት እሱን ለመስማት ብላ ልጇን «ተይ» ማለት ትታለች!

ብድግ ብሎ ሕፃኗን አቀፋት።

«አትንኪ የኔ እናት፣ ያቃጥላል» አላት፣ በእናቷ ፈንታ።