ዐሥር በስድስት

«ጋሽ መኳንንት! በሬዎቹ የታሉ?»

የግብርና ባለሙያዋ ሳሌም ታብሌቷን በፌስታል ጠቅልላ፣ በቦት ጫማዋ ጭቃውን እያንቦጫረቀች መጣች። ሌሊቱን የጣለውን ዝናብ ራሷ ያዘዘችው ይመስል ፊቷ በርቷል።

«የኮምፒውተሩ ቀን ዛሬ አይደል? አፈሩን፣ ዝናቡን፣ የገብሱን ዐይነት አስልቶ፣ ‹በልጉ አያስተማምንም፣ ለመኸር ይዘራ› ያለው! አንዲት ቀን ዝንፍ አላለም።»

ጋሽ መኳንንት በማሳቸው ዳር ውኃ ሲመልሱ ነበር። ዶማቸውን ጣል አድርገው ስልካቸውን አወጡና በጥር መጨረሻ የገባውን መልእክት አሳዩዋት። «የገብስ መዝሪያ ቀን፦ 10/6» ይላል፤ ሌላ የለውም።

«ይኸው! የካቲት ዐሥር ዘራሁታ። ስድስተኛው ወር የካቲት አይደለም እንዴ?»

ሳሌም መልእክቱን ሁለቴ አነበበችው። ድምፅዋ ወረደ። «በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ጋሼ። በኛ ሰኔ ሦስት። ዛሬ።»

የካቲት ዐሥር ለታ ሰማዩ ቁራጭ ደመና እንኳ አልነበረውም። ሚስታቸው ጌታነሽ ጎተራው ደጅ ቆማ፣ «ኧረ የዘሩን ግማሽ እናስቀር» ብላ ለምናቸዋለች። «ኮምፒውተር ካንቺ ያንሳል?» ብለው ያፌዙባት እሳቸው ናቸው። በልጉ ቀረ። ከዘሩ ወፍ የለቀመውን ለቀመ፣ የበቀለውም ስንዝር ሳይሞላ አረረ። ጌታነሽ ነገሩን አንድም ቀን አላነሳችባቸውም፤ ይኸው ዝምታዋ ነው ሲያንገበግባቸው የከረመው።

እስከ ዛሬ «ማሽኑ ዋሸኝ» እያሉ ይጽናኑ ነበር። አሁን እሱም ቀረ። ማሽኑ ልክ ነበር።

ሳሌም ዐይኗን ከታብሌቷ ሳታነሳ፣ «አንድ ጥያቄ መሙላት አለብኝ» አለች። «‹ገበሬው በተነገረው ቀን ዘርቷል?› ይላል።»

«አዎ በይ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ…»

«የነገራችሁኝን ቀን አንብቤ ዘርቻለሁ። አዎ በይ፣ ልጄ።»

ከማዶ ስልክ እንኳ የሌለው ጎረቤታቸው ይታየው በሬዎቹን አቁሞ፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ።

«መኳንንት! እርጥበቱ ሳያመልጥህ ዝራ እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?»

«እሺ፣ ልጀምር ነው!» አሉት ጋሽ መኳንንት።

ቤታቸው ውስጥ የሚዘራ አንድ እፍኝ ገብስ አልነበረም።